«ነገ ተመለስ» ሲባል የኖረ አገር

ስለ የካቲት 1966ቱ አብዮት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ወሎ ረኀብ፣ ስለ ጭሰኛው፣ ስለ ተማሪው ሰልፍና በመጨረሻ ሁሉንም ጠቅልሎ ስለ ወሰደው ወታደር ነው። የሚባለው ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ረኀብም ሆነ ጭሰኝነት በዚያ ዓመት የተፈጠሩ አልነበሩም፤ ተማሪውም «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። የዚያን ዘመን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። መንግሥት ችግሩን ያውቅ ነበር፤ ስለ መሬቱ አስጠንቷል፣ ስለ ትምህርቱ አስጠንቷል፣ ስለ ሥልጣኑ አከፋፈልም ከራሱ ሰዎች ምክር ይቀርብለት ነበር። ዐውቆ ግን መወሰን አልቻለም። ይህ አለመወሰን ከችግሮቹ ሁሉ የከፋው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የከፋበትም ምክንያት ሕዝቡን ማስቆጣቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከመንግሥት መልስ የሚገኘው በምን መንገድ እንደ ሆነ ለአገሩ ሁሉ ክፉ ትምህርት ማስተማሩ ነው።

ከላይ ሲታይ የጎደለ የመንግሥት አካል አልነበረም። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩት፤ የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፣ የሕግ መምሪያውን እንደራሴዎች ሕዝቡ ይመርጣል። የፖለቲካ ፓርቲ ግን ስላልተፈቀደ፣ አንድ እንደራሴ ከወረዳው ይዞት የሚመጣው የራሱን ስምና ዝና እንጂ ከሌሎች ጋር የተስማማበትን የሥራ ዓላማ አልነበረም። ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከ1953 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ1958 ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው እየመረጡ ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው። ይሁንና ከበድ ያለ ጉዳይ ሁሉ አሁንም ወደ ቤተ መንግሥት መውጣቱ አልቀረም። እዚያ ደግሞ 80 ዓመት ያለፋቸው ንጉሠ ነገሥት ነበሩ፤ አልጋ ወራሹ በ1965 በጠና ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ሄደዋል፤ ከንጉሠ ነገሥቱ በኋላ ማን እንደሚነግሥ በግልጽ የሚናገር ሰው አልነበረም። በአንድ ወገን የአክሊሉ ሰዎች፣ በሌላ ወገን እንደ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ያሉ መኳንንት በዓይነ ቁራኛ ይተያዩ ነበር። ሁለቱም ወገኖች የሚጠባበቁት ያንኑ የማይቀር ቀን ስለ ነበር፣ ከዚያ በፊት በከባድ ውሳኔ ላይ ስሙን ማስፈር የሚፈልግ የነበረ አይመስለኝም።

የጭሰኝነቱ ረቂቅ ሕግ ታሪክ ይህን ከማንኛውም ነገር በላይ ያሳያል። በደቡብና በምዕራብ ጠቅላይ ግዛቶች ብዙው ገበሬ የሌላ ሰው መሬት ያርስ ነበር፤ ከምርቱም እንደ አካባቢው ልማድ ሲሶውን፣ ግማሹን፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ የበለጠ ለባለመሬቱ ይገብር ነበር። የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር በ1958 ተቋቋመ፤ ባለሙያዎች ተቀጠሩ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ እየዞሩ አጠኑ፣ ረቂቅም ተዘጋጀ። ረቂቁ ዛሬ ሲነበብ እንኳን አብዮት፣ ደፋር ማሻሻያም አይባልም፤ የኪራዩን መጠን ለመገደብና ጭሰኛው እንዲያው ከመሬቱ እንዳይነቀል ለማድረግ የታሰበ ነበር። መሬት ለማከፋፈል አላሰበም። ይህም ሆኖ ከምክር ቤት እየቀረበ፣ እየተመለሰ፣ እንደገና እየቀረበ ዓመታት አለፉ፤ ሳይጸድቅም ዘውዱ ወደቀ። ለእንደራሴነት የሚወዳደር ሰው ንብረት ያለው መሆን ስለ ነበረበት፣ ረቂቁን የሚመረምሩት እንደራሴዎችና ከጭሰኛ ግብር የሚቀበሉት ባለርስቶች ብዙ ጊዜ አንድ ሰዎች ነበሩ። ከሕግ መወሰኛው ወንበር ላይ ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ ትልልቅ ባለመሬቶች ነበሩ።

ነገሩን የሚያባብሰው፣ ሕጉ በመዘግየቱ የጭሰኛው ኑሮ ባለበት አለመቆየቱ ነው። በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቁሞ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ማከፋፈል ሲጀምር መሬቱ ድንገት አትራፊ ሆነ። ባለመሬቶቹም ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከቀዬው ያስነሡት ጀመር። ስዊድኖቹ የጭሰኝነቱ ሕግ ቶሎ እንዲወጣ ቢወተውቱም የሚሰማቸው አላገኙም። ልማቱ ራሱ ገበሬውን ማፈናቀሉ የሚያስገርም ነው። ሕግ ቢወጣ ኖሮ የሚያተርፈው ሰው፣ ሕግ ሳይወጣ ልማት በመምጣቱ ከነቤተሰቡ ሜዳ ላይ ወደቀ። ውሳኔን ማዘግየት ምንም እንዳለማድረግ ተደርጎ መቆጠሩን የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አለመወሰኑ ለአንዱ ወገን በየዓመቱ ያደላ ነበር።

የተበደለ ሰው ምን ያደርጋል? በእኛ አገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀው መንገድ አቤት ማለት ነው። የዙፋን ችሎት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተቀምጠው ይግባኝ ይሰሙ ነበር። መኪናቸው በመንገድ ሲያልፍ ማመልከቻ ይዞ መሬት ላይ የሚደፋው ባላገር የዕለት ተዕለት ትዕይንት ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ሕዝብ ንጉሡን ባይከስም ለንጉሡ ይከስ ነበር። ይህ ሥርዓት ትንሽ አገርን፣ ጥቂት ባለጉዳይንና ጉልበት ያለውን ንጉሥ ታሳቢ ያደረገ ነው፤ በ1960ዎቹ ግን ባለጉዳዩ በዝቶ፣ ጉዳዩ ተወሳስቦ፣ ንጉሡ አርጅተው ነበር። ከጠቅላይ ግዛት ከተማ እስከ አዲስ አበባ፣ ከጽሕፈት ሚኒስቴር እስከ አገር ግዛት ሚኒስቴር በየኮሪደሩ ደጅ ሲጠና የሚውለው ሰው ቁጥር ስፍር አልነበረውም። በቅርቡ እኔም አንድ ወረቀት ለማስወጣት ስሙን ከማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ተመላልሼ ነበር፤ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» በተባልን ቁጥር ከፊቴ የተሰለፉ አንድ ሽማግሌ፣ «በጃንሆይ ጊዜ እንኳ ነገ ተመለስ የሚለን ሰው ፊቱ ይታይ ነበር» እያሉ ይስቁ ነበር። ሳቃቸው ምሬት የነበረው ቢሆንም ሳልስቅ መቅረት አልቻልሁም።

እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ የሚመጣው። መንግሥት ለሁሉም ሰው መልስ ነፍጎ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በእኩል ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ሆኖም መልስ የሚያገኙ ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 የጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና የወንድማቸው የገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ፣ ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ሙከራ ያከሸፈው ጦር ደመወዝ ይጨመርልኝ ብሎ ጠየቀ፤ ተጨመረለትም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ በሞጣ፣ በብቸናና በሌሎችም ቦታዎች አልከፍልም ብሎ ተነሣ፤ ጦርና አውሮፕላን ከተላከበት በኋላ ውዝፉ ግብር ተማረለት፣ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ። የጎጃም ገበሬ ከጦርነቱ በፊት ሽማግሌ ልኮ፣ ማመልከቻ ጽፎ ነበር። ያንን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ መንግሥት ያንኑ መልስ ያለ ደም መስጠት ይችል ነበር።

ወሎስ? ወሎ መሣሪያ አላነሣም። በ1965 የተራበው ሕዝብ ከወልድያ እስከ ደሴ በዋናው መንገድ ዳር ተኮልኩሎ ወገን ያየው ዘንድ ጠበቀ፤ ወደ አዲስ አበባ የተጓዙት ገበሬዎች በፖሊስ ተመለሱ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሧቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው ሲያሳዩ መንግሥት የተጨነቀው ፎቶው ስለ መታየቱ ነበር። በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ፤ ቁጥሩን እስከ 200,000 የሚያደርሱትም አሉ። የጎጃሙንና የወሎውን ታሪክ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ምን መደምደሚያ ላይ እንደሚደርስ ለመገመት አያስቸግርም። በ1966 ወታደሩ የደረሰበት መደምደሚያም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ጥር 4 ቀን 1966 በነገሌ ቦረና የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር አዛዦቹን አሰረ። ምክንያቱ ውኃ ነበር። የወታደሮቹ የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም፤ ምግቡም የማይበላ ነበር። ወታደሮቹ አስቀድመው አቤት ብለው ነበር፤ መልስ አላገኙም። የምድር ጦሩ አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ነገሩን ሊያጣሩ ሲላኩ እርሳቸውንም አገቷቸው፤ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትን ውኃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። አንድ ፓምፕ በጊዜው የሚያስጠግን ሥርዓት አጥቶ መንግሥት የጦር አዛዡን አሳገተ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቅጣቱ ጉዳይ ነው፤ ማንም አልተቀጣም። ወታደሮቹ ጉዳያችሁ ይታያል ተብለው ተማሩ። ይህን ወሬ በሬዲዮ ባይሰሙትም የየጦር ሰፈሩ ሬዲዮ ኦፕሬተሮች እርስ በርሳቸው ሲቀባበሉት ከረሙ፤ ደብረ ዘይት ያለው አየር ኃይል ቀጠለ፣ ከዚያም አስመራ።

ከተማው ውስጥ ደግሞ የካቲት 11 ቀን መምህራንና የታክሲ ነጂዎች በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። በጥቅምቱ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሳቢያ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ሁሉ ንሮ አዲስ አበባ ላይም ቤንዚን ተወድዶ ነበር፤ የታክሲው ታሪፍ ግን ባለበት ነበር። መምህራኑ ከደመወዛቸው በተጨማሪ የትምህርት ሴክተር ሪቪው የሚባለውን እቅድ ይቃወሙ ነበር፤ የድኻ ልጅ አራት ዓመት ብቻ ተምሮ ወደ እርሻው ይመለሳል የሚል ወሬ በየቤቱ ገብቶ ነበር። እቅዱ ከዚያ የሰፋ ሐሳብ የነበረው ቢሆንም፣ ለሕዝቡ ቀርቦ የሚያስረዳ አልነበረም፤ ስለዚህ ሕዝቡ ስለ ልጁ ዕጣ የሰማው ከጎረቤት ነው። በዚያን ጊዜ በክፍለ ሀገር ያስተምር የነበረው አጎቴ፣ የእቅዱን ወረቀት አንድም መምህር ሳያየው ሁሉም እንደ ተቃወመው እስከ ዛሬ ይነግረኛል፤ ይህን ሲናገር አያፍርበትም፤ «ያልታየ ነገር መቃወም ነው እንጂ ምን ይደረጋል?» ይላል።

የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀርበው የቤንዚኑ ዋጋ እንዲቀንስ፣ የትምህርቱም እቅድ እንዲቆይ መወሰኑን አስታወቁ። ለወታደሩም ደመወዝ ተጨመረ። ከሁለት ቀን በኋላ በአስመራ ያለው ሁለተኛው ክፍለ ጦር ጭማሪው አንሷል ብሎ ከተማውንና የሬዲዮ ጣቢያውን ያዘ፤ እንደገናም ተጨመረ። የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ፤ በማግስቱ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ተባሉ። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ለአሥራ ሦስት ዓመት ያልተነቃነቀ መንግሥት ከአሥር ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዋጋ ቀነሰ፣ እቅድ አቆየ፣ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ጨመረ፣ በመጨረሻም ራሱን አሰናበተ። ይህን ያየ ሰው ትናንት «ነገ ተመለስ» የተባለው ጉዳዩ ከባድ ስለ ነበረ ነው ብሎ ያምናልን? አላመነም። የካቲት 28 ቀን የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአገሩ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ መንግሥት በአራት ቀን ውስጥ ተስማማ። ከዚያ ወዲያ ሰልፉና አድማው ከማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች እስከ ካህናት ድረስ ተዛመተ። የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የጅማ ሕዝብም ተነሥቶ ጠቅላይ ገዥውን አስወገደ። ገዥው እነዚያው ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ የተዛወሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ነበሩ፤ የ1960ው መፍትሔ ችግሩን ከአባይ ማዶ ወደ ጊቤ ማዶ ማሻገር ብቻ እንደ ነበረ የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

እነዚያ ወራት ሲነገሩ አንድ ነገር ይዘነጋል። መንገዱ ምንም እንኳ አውቶቡስ የተወገረበት ቀን ቢኖርም፣ በአጠቃላይ የሚያስደንቅ ሥርዓት ነበረው። ሚያዝያ 12 ቀን የእስልምና ተከታዮች የሃይማኖት እኩልነት ይከበር ብለው በአዲስ አበባ ሲሰለፉ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ክርስቲያኖችም ጭምር፣ አብሮ ወጥቶ በሰላም ተመልሷል። እንግዲህ «ሕዝቡ ከተነሣ አገር ይተራመሳል» የሚለው የሹማምንት ማስፈራሪያ በዚያ ዓመት በሕዝቡ ላይ አልታየም። አደጋው የነበረው ሌላ ቦታ ነው። የሠራተኛው ጥያቄ ለሠራተኛው፣ የመምህሩ ለመምህሩ፣ የካህኑ ለካህኑ ነበር፤ እነዚህን ሁሉ አሰባስቦ የአገር ጥያቄ የሚያደርግ፣ ከመንግሥት ጋር ተደራድሮ የሚፈርም፣ ፈርሞም የሚታመን ማንም አልነበረም። ፓርቲ ተከልክሎ ኖሯል። ምክር ቤቱ ደግሞ ያንን ጊዜ ሊጠቀምበት ይችል ነበር፤ 250 እንደራሴዎች በ1965 ተመርጠው ተቀምጠው ነበር። የጭሰኝነቱን ሕግ በዚያ መጋቢት አንሥተው ቢያጸድቁት ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። አላደረጉትም። በሰኔ ወር ከመካከላቸው የተወሰኑት ተነሣሥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የሄዱት በወታደሩ የታሰሩት የቀድሞ ሚኒስትሮች እንዲፈቱ ለመጠየቅ ነበር፤ የወታደሩን ጥርጣሬ ያነሣሣውም አንዱ ይኸው ነው።

ልጅ እንዳልካቸውን ብዙ ሰው እንደ መኳንንት ልጅ ብቻ ያያቸዋል፤ እኔ በመጠኑ አዝንላቸዋለሁ። ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ኮሚሽን ተቋቋመ፣ የመሬት ማሻሻያን ያካተተ የመንግሥት መርሐ ግብር ወጣ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ይህን ለማድረስ ከሕዝቡ ፋታ ጠየቁ። የጠየቁት ነገር አግባብ ነበረው፤ ሕገ መንግሥት በአንድ ሳምንት አይጻፍም። ነገር ግን ፋታ የሚሰጥ ሰው ባለፈው የሰጠው ፋታ ምን እንደ ሆነ ያስታውሳል። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሃያ ዓመት ሙሉ የሕዝቡን ትዕግሥት በልተው ጨርሰውት ስለ ነበር፣ ቀና ሰው ቢመጣ እንኳ የሚሰጠው ጊዜ አልቀረም ነበር። ተማሪውና ሠራተኛው እምቢ አለ፤ ወታደሩም የራሱን ቀን እየቆጠረ ነበር።

ሰኔ 21 ቀን በአራተኛ ክፍለ ጦር የተሰበሰቡት ከመቶ የሚበልጡ ወታደሮች ራሳቸውን የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ደርግ አሉ። በየጦር ክፍሉ ተመርጠው የመጡ በመሆናቸው፣ ወደድንም ጠላንም፣ በዚያን ሰዓት በአገሩ ላይ ከየክፍለ ሀገሩ የተወከለና አንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚወስን አካል እነርሱ ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያ ጥያቄዎቻቸው እንኳ ልከኞች ነበሩ፤ የፖለቲካ እስረኞች ይፈቱ፣ አዲሱ ሕገ መንግሥት ይፋጠን፣ ምክር ቤቱም ለዚሁ ሲባል እንዳይበተን የሚል ነበር። ጥያቄያቸውም ሁሉ ወዲያው ይሁን ተባለ። ሐምሌ 15 ቀን እንዳልካቸው ወርደው ልጅ ሚካኤል እምሩ ተተኩ፤ ነሐሴ ላይ የዘውድ ምክር ቤትና የዙፋን ችሎት ተዘጉ፤ ረቂቁ ሕገ መንግሥት በዚሁ ወር ተጠናቅቆ ወጣ፣ ያነበበው ግን ጥቂት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ምክር ቤቱ ተበተነ፤ ሥራ ማቆምና ያልተፈቀደ ሰላማዊ ሰልፍም ተከለከለ። ወደ ሥልጣን የመጡበትን መሰላል ከኋላቸው አነሡት።

ዛሬ ላይ ሆነው፣ መንግሥት ሲደነዝዝ «ይፈንዳና ይውጣልን» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ «ዝም በሉ፣ ካለው የባሰ ይመጣል» የሚሉም አሉ። ሁለቱም የ1966ን ታሪክ ይጠቅሳሉ፤ ሁለቱም በከፊል ያነበቡት ይመስለኛል። ፍንዳታውን የሚናፍቀው፣ ከፍንዳታው ማግስት ተደራጅቶ የሚገኘው ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ዝም በሉ የሚለው ደግሞ ዝምታው ራሱ መሣሪያ የያዘውን ብቻ ተሰሚ እያደረገ እንደሚሄድ አያይም። የመምህራን ማኅበር፣ የሠራተኞች ማኅበር፣ ዕድር እንኳ ቢሆን፣ ጥያቄ አቅርቦ መልስ የማግኘት ልማድ ያለው ማንኛውም ስብስብ በሰላሙ ጊዜ ካልተለመደ በክፉ ቀን አይፈጠርም። ይህን የምለው ለመንግሥትም ነው፤ አልሰማም ያለውን ማኅበር ሁሉ ባዳከመ ቁጥር ነገ የሚደራደረውን ሰው እያሳጣ ነውና።

የሠራተኞቹ ማኅበር በመስከረም 1967 ሥልጣን ለሕዝባዊ መንግሥት ይሰጥ ብሎ ጠየቀ። መሪዎቹ ታሰሩ፤ ማኅበሩም ቆይቶ ፈረሰ። ኅዳር 14 ቀን ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉና ልጅ እንዳልካቸው፣ ሲፎካከሩ የኖሩት የሁለቱ ወገን ሰዎች፣ ከሌሎች ባለሥልጣናትና መኮንኖች ጋር ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ተረሸኑ፤ ወደ 60 ይጠጉ ነበር። «ያለ ምንም ደም» የሚለው የደርጉ መፈክር ከዚያ ቀን በኋላ አልተሰማም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ምክር ቤት ለዓመታት ያልደፈረውን ነገር ደርጉ በአዋጅ ቁጥር 31 ፈጸመው፤ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፣ ጭሰኝነትም ቀረ። አዲስ አበባ ላይ ለድጋፍ የወጣው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር፤ ደስታውም የውነት ነበር፤ አባቱ ሲሶ ሲገብር የኖረ ገበሬ በዚያ ቀን ቢጨፍር ማን ይፈርድበታል? አዋጁ የወጣው ግን ማንም ሳይመክርበት፣ ማንም እንደራሴ እጁን ሳያወጣ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገበሬው ምርቱን በመንግሥት ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እንዲሸጥ ሲታዘዝ፣ ትእዛዙ የመጣው በዚያው መንገድ ነበር። ኮታውን የሚሰበስበው የራሱ ገበሬ ማኅበር ስለ ነበር፣ አቤት የሚልበት ደጅ እንኳ አልቀረለትም።